ልጄን በየባሩ የፈለግሁበት ከሰዓት

መጠጥ ቤት ገብቼ የማላውቅ ሴት ነበርኩ። ደሴ ሳለሁ እንኳ መንገዴ ላይ ጠጅ ቤት ካለ ማዶ ተሻግሬ ነበር የማልፈው፤ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ቀን ግን ሂጃቤን እንደተከናነብኩ፣ ባሕር መሐል፣ ከአንዱ ባር ወጥቼ ሌላው ስገባ ዋልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የበፊቷ ዘሃራ አይደለሁም። ነገሩ የጀመረው ግን ባሕር ላይ ሳይሆን እዚሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ያኔ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ተንከባካቢ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሥራዬ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው። ጠዋት አንድ ቦታ፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ እሠራ ነበር። ባለቤቴ ሙሄ ታክሲ ይነዳል። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የምንተያየው በር ላይ ነበር፤ እሱ ጫማውን ሲያወልቅ፣ እኔ የኔን ሳስር። ድካሜ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት ድካም አልነበረም። አጥንቴ ውስጥ ገብቶ፣ ቤቱን ሠርቶ የተቀመጠ ነበር። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደክሞኛል» ነበር የምለው፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ቃል እስኪመስሉ ድረስ።

ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ሃያት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ አፏ ፈጣን፣ ልቧ ሩህሩህ ናት። ትንሹ ነስረዲን ነው፤ ነስሩ እንለዋለን። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የሚኖረው ከእኛው ጋር፣ ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ነው። ዝምተኛ ልጅ ነው። ሰላም ይላል፣ ቆሻሻ ያወጣል፣ በረዶ ይጠርጋል። «እንዳንቺ ልጅ ጨዋ የለም» ሲሉኝ ደስ እያለኝ እቀበል ነበር።

የተጋባንበት ሠላሳኛ ዓመት ሲቃረብ ሃያት አንድ ቀን ተነሳችና «ክሩዝ ልወስዳችሁ ነው» አለች። ከቫንኩቨር ተነስቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ መርከብ።

«እኔ የሐይቅን ውሃ እንኳ በጀልባ ተሻግሬ አላውቅም፣ የምን መርከብ አመጣሽ?» አለ ሙሄ።

«አባ፣ አንድ ሳምንት እንኳ ከእማ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ብላ። በአላህ!»

እምቢ የሚያስብል አልነበረም። አራታችንም እንድንሄድ ተወሰነ፤ እኔና ሙሄ በአንድ ክፍል፣ እህትና ወንድም በሌላው።

አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ሺፍቴ ስገባ ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሃያት ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ከጉዞ ወኪሏ ጋር ትነጋገራለች። ጃኬቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ።

«እማ ጥሩ ሰዓት መጣሽ፤ የቀረው የመጠጡ ምርጫ ብቻ ነው» አለችኝ።

ወኪሏ በደስታ ድምፅ ታብራራለች። በዚያ ሳምንት ልዩ ስጦታ አለ። ሙሉውን የመጠጥ ፓኬጅ ከክፍሉ ጋር በነጻ ይሰጣሉ፤ ወይኑ፣ ቢራው፣ ኮክቴሉ፣ ለስላሳው፣ ማኪያቶው ሁሉ አንድ ላይ ነው፣ አንሊሚትድ፤ ያለ ገደብ። አንድ ደንብ ብቻ አላቸው፤ በአንድ ክፍል ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ከወሰደው ሌላውም የግድ መውሰድ አለበት። አልኮል የሌለበትን ከፈለግን ግን ከፍለን ለብቻው እንገዛለን።

«ምን አለች?» አለ ሙሄ።

«መጠጡን በነጻ እንስጣችሁ ነው የምትለው።»

«የምን መጠጥ?»

«ሁሉንም። ወይን፣ ቢራ...»

«አስተግፊሩላህ! በነጻ ጀሀነም እናስገባችሁ አትልም ታዲያ? ሐራም በነጻ ሲሆን ሐላል ይሆናል እንዴ?»

«አባ፣ ጠጡ አላለችም እኮ። ጁሱም ማኪያቶውም እዚሁ ውስጥ ስላለ ነው።»

«ስሜ ላይ እንዲጻፍ አልፈልግም። አለቀ።»

እኔ ግማሽ ልቤ ተኝቷል። «የፈለጋችሁትን ምረጡና ልተኛ» አልኩ።

«እሺ፣ የናንተ ይቅር» አለች ሃያት። «ለእኔና ለነስሩ ክፍል ልውሰደው። እኔ ማኪያቶዬን እፈልጋለሁ።»

ነስሩ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። «ኖ» አለ። «ለኛ ክፍል አይሆንም።»

«ለምን?»

«በቃ አይሆንም።»

«ፍሪ ነው እኮ! ማንም በግድ አያጠጣህም።»

«ሃያት፣ ኖ አልኩሽ።»

«ምክንያቱን ንገረኝና እተወዋለሁ።»

«ምክንያቱም እጠጣዋለሁ!»

ሃያት ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ጀመረችና ፊቱን ስታይ ተወችው። ነስሩ ጠረጴዛውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «እጠጣዋለሁ። ከቁርስ ጀምሬ ነው የምጠጣው። አንሊሚትድ ነው ያለችው አይደል? ለኔ አንሊሚትድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አታውቂም።»

«ሄሎ? አላችሁ?» አለች ወኪሏ። ሃያት መልሰን እንደውላለን ብላ ዘጋችው።

ሙሄ ከወንበሩ ተነሳ። ነስሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ፣ መኪናው ሲርቅ ሰማን። የወጣው ለሥራ አልነበረም፤ ቅዳሜ አይነዳም።

ሃያት እያለቀሰች ወደ ፎቅ ወጣች። እኔና ነስሩ ቀረን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ሃይስኩል ከጨረስኩ ጀምሮ።»

«አሁንም?»

«አቁሜአለሁ እማ። በረዶው ከጀመረ ወዲህ አልቀመስኩም። ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባ አለ፣ ዋይትሆርን ሰፈር። እንደኔ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ቁጭ ብለን እናወራለን። ጂም ሄድኩ የምልሽ እዚያ ነው።»

«በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን? ሽታው እንኳ እንዴት አይሸተኝም?»

«አንቺ ስትገቢ እኔ ተኝቻለሁ። አንቺ ስትነሺ እኔ ወጥቻለሁ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ከባድ አልነበረም።»

ወቀሳ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የነገሩን አካሄድ ነው የነገረኝ። ለዚህም ነው የከበደኝ። መቆጣት አማረኝ፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም ግን አልነበረኝም። ጃኬቴን ሳላወልቅ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። እጁ ትልቅ ነው፣ የሠራተኛ እጅ። ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሙሄ ነስሩን አላናገረውም። በኮሪደሩ ሲተላለፉ አንዱ ለአንዱ ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈዋል። እኔን «መርከቡ ይቅር» አለኝ። ነስሩ ደግሞ «ያለ እኔ ሂዱ» አለ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ወይ አራታችንም፣ ወይ ማናችንም» አልኩ። ልጄ ካሁን በኋላ የምንደብቀው እንዲመስለው አልፈለግኩም። የክፍሉን አመዳደብ ቀየርኩት፤ እኔ ከነስሩ ጋር፣ ሃያት ከአባቷ ጋር። ለወኪሏም ራሴ ደወልኩላት።

«የትኛውን ፓኬጅ መረጡ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ለስላሳውንም? መርከቡ ላይ ዋጋው ይጨምራል እኮ።»

«ውሃ አለ አይደል?»

«ውሃና ሻይ አለ፤ እሱ ነጻ ነው።»

«ይበቃናል» አልኳት።

መርከቡ ከተማ ነው። ሱቅ፣ ቴአትር፣ መዋኛ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ። አልጋው ውሃ ላይ መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ወለሉ በስሱ ዘንበል ሲል ልብ እንላለን። በመጀመሪያው ምሽት ለእራት አስተናጋጁ ወደ ጠረጴዛችን ወሰደን። ነጭ ጨርቅ፣ በየሰሐኑ ፊት የሚያብረቀርቅ የወይን ብርጭቆ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አስተናጋጅ መጣ፤ የወይን ዝርዝሩን እንደ መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዟል። ከኛ ውስጥ ወይን የሚያዝዝ ነስሩ ሳይመስለው አይቀርም፤ ፊቱ ላይ ከፈተለት።

ሙሄ ከማዶ ዘሎ ዝርዝሩን ዘጋው።

«ኖ! ኖት ሂም! ለዚህ ልጅ ወይን እንዳታሳየው! ሂ ሃዝ ፕሮብሌም!»

በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው የጮኸው። በግራም በቀኝም ያሉት ጠረጴዛዎች ዞሩ። አስተናጋጁ ይቅርታ እየጠየቀ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበ፤ የአራታችንንም። ሙሄ እጁን ጠረጴዛ ሥር ደበቀ። ፈርቶ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁና አውቀዋለሁ። ነስሩ ግን የአባቱን ፍርሃት አላየም፤ ያየው የሰዎቹን ዓይን ነው። ምግቡን እስከ መጨረሻው በላ። አመሰገነ። ተኛ።

በማግሥቱ መርከቡ ወደብ አይነካም፤ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነው። ዙሁር ሰግጄ ትንሽ ጋደም ብዬ ስነሳ ነስሩ የለም። መጀመሪያ አላሰብኩበትም። ሻይ ሊጠጣ ነው፣ ነፋስ ሊቀበል ነው አልኩ። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ አየሁት። ይህ ልጅ ስልኩን ትቶ መጸዳጃ ቤት እንኳ አይገባም።

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

የሃያትን በር አንኳኳሁ። «ጂም እይ፣ መዋኛውንም» አልኳት። ሙሄ መስገጃው ላይ ነበር፤ አላናገርኩትም። እኔ ራሴ የት መሄድ እንዳለብኝ አውቄዋለሁ፤ ማወቄን ብቻ ነው ያልወደድኩት።

የመጀመሪያው ባር መዋኛው አጠገብ ነበር። ቆሜ አየሁ፤ ግማሽ እርቃናቸውን ሆነው የሚስቁ ሰዎች። የለም። ሁለተኛው ፒያኖ የሚመታበት፣ ጨለም ያለ ክፍል ነው። ደጃፉ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እግሬ እምቢ አለ። የእናቴ ድምፅ ነው የያዘኝ። «ቢስሚላህ» ብዬ ልግባ? መጠጥ ቤት ቢስሚላህ ተብሎ ይገባል? ሐሳቤን ሳልጨርስ ገባሁ። ሽታው ተቀበለኝ፤ ጣፋጭም መራራም ነው። አንዲት ልጅ ፈገግ ብላ ምን ላምጣልሽ አለችኝ። «ልጄን ነው የምፈልገው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሦስተኛው ባር ኳስ የሚታይበት ነው። ወንዶች በአንድ ላይ ጮኹ፤ በእኔ መሰለኝና ደነገጥኩ፤ ግብ ገብቶ ነው። ከዚያ ስወጣ አንዲት ሴት ልጆቿን በጋሪ እየገፋች አለፈች፤ እንደኔው የተከናነበች ናት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እኔን አየች፣ የወጣሁበትን በር አየች፣ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ሮጬ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ጊዜ የለኝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰው አየኝ አላየኝ የሚለውን ነገር የት እንደጣልኩት አላውቅም፤ ብቻ ጣልኩት። ደረጃ ወጣሁ፣ ደረጃ ወረድኩ። ጉልበቴ ይጮሃል። አንድ መርከብ ላይ ለካ ይህን ያህል መጠጥ ቤት አለ። ልጄ «አንሊሚትድ ማለት ምን እንደሆነ አታውቂም» ያለው ገባኝ። ለሌላው ሰው ይህ ቦታ ዕረፍት ነው፤ ለሱ በሄደበት ሁሉ የሚጠራው ድምፅ ነው። እኔ ነኝ «አራታችንም» ብዬ ያመጣሁት።

ያገኘሁት መርከቡ ኋላ በኩል፣ ትንሽ፣ ጸጥ ያለ የወይን ባር ውስጥ ነው። በመስኮቱ መርከቡ ትቶት የሚሄደው ነጭ አረፋ ይታያል። ነስሩ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ቀይ ወይን፣ ብርጭቆው የተጋመሰ።

«ነስሩ።»

አልዞረም። «እማ፣ ውጪ።»

«አልወጣም።»

«እዚህ መግባት የለብሽም። ሰው ያይሻል።»

«ይየኝ።»

ወንበሩ ለኔ ዓይነት ጉልበት የተሠራ አይደለም። በእጄ ባንኮኒውን ይዤ፣ እየተንጠላጠልኩ ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባርቴንደሩ መጣ፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው። «ዝርዝሩን ልስጥሽ ማዳም?» አለኝ። «ውሃ» አልኩ። ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልኝና ራቅ ብሎ ሄዶ ብርጭቆ መወልወል ጀመረ። ሰውየው ብዙ አይቷል፤ ያስታውቃል።

«ስንተኛህ ነው?»

«ሁለተኛ። ስንት ጊዜ ቆይቼ... አበላሸሁት። እንደገና ከዜሮ ነው። ሁሉም ዜሮ።»

«ለምን መጣህ?»

«ለምን እንደመጣሁ አላውቅም። ትላንት ማታ ሁሉም ሲያዩኝ፣ በቃ፣ ፕሮብሌም እኔ ነኝ አልኩ። ፕሮብሌም ከሆንኩ አይቀር...» ብርጭቆውን በጣቱ አዞረው። «ንዴቱ ሳይሆን ድካሙ ነው እማ። በየቀኑ አለመጠጣት ይደክማል። ማንም አያየውም እንጂ ሥራ ነው፣ እንደ ደብል ሺፍት።»

ይህን ሲል አየሁት፤ ፊቱ የኔ ፊት ነበር። ከሥራ ስገባ መታጠቢያ ቤት መስታወት ውስጥ የማየው፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ምንም የማይፈልግ፣ ቁጭ ማለት ብቻ የሚፈልግ ፊት። ድካም የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መምከር ፈለግኩ። አላህን አስታውሶ ማልቀስ፣ እግሩ ላይ መውደቅ፣ ብርጭቆውን መስበር፤ ሁሉም በሐሳቤ መጣ። የመጣልኝ ቃል ግን የሥራዬ ነው።

«ሥራ ቦታ» አልኩት፣ «አንድ ሽማግሌ ሲወድቅ ሮጠን ብብቱን ይዘን አናነሳውም። እንደዚያ ያነሳ ሰው ራሱም ይሰበራል፣ እሱንም ይሰብረዋል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ እንላለን። ለምን ወደቅህ አንለውም። እስኪረጋጋ፣ እግሩን እስኪያገኝ አብረነው እንቆያለን። ከዚያ ራሱ ይነሳል፤ እኛ እንደግፈዋለን።»

«እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» አለኝ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ።

«አይደለህም። ስለዚህ አላነሳህም። እስክትነሳ እዚህ እቀመጣለሁ።»

«ባልነሳስ?»

«ዐስርን እዚሁ እሰግዳለሁ። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ይህን ሰውዬ እጠይቀዋለሁ።»

አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። አላቀፍኩትም። ባንኮኒው ላይ እጄን ዘርግቼ ተውኩለት፤ ትንሽ ቆይቶ ያዘው። እንደዚያ ሆነን ነጩን አረፋ እያየን ቆየን።

በዚህ መሐል ዞር ስል ሙሄ በሩ ላይ ቆሟል። ሃያት ነግራው ኖሮ እሱም ሲፈልግ ነበር፤ ኮፍያው ጠሟል፣ ያለከልካል። ሚስቱ የባር ወንበር ላይ ተሰቅላለች፤ ልጁ ወይን ፊት ለፊት ተቀምጦ ያለቅሳል። የሰማይን መደርመስ ጠበቅኩ። ሙሄ አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አሳረፈው። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ነስሩ አይቶታል። «በቃ፣ አለቀ» አለ።

«ምንም አላለቀም። አባትህ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። እኔም አንዱ ደጃፍ ላይ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

ብርጭቆውን አየው። ያን ዓይነት አተያይ አይቼ አላውቅም፤ ሰው የሚወደውንና የሚጠላውን ነገር አንድ ላይ ሲያይ። ከዚያ በጣቱ ገፋው፤ ትንሽ ብቻ። ባርቴንደሩ ሳይጠራ መጣና አነሳው። ነስሩ ወንበሩን ለቆ ወረደ፤ እኔንም ብብቴን ይዞ አወረደኝ።

ሙሄን ያገኘነው ውጪ፣ ንፋሱ በሚመታበት ሰገነት ላይ ነው። የብረቱን ድጋፍ ይዞ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ንፋሱ ነው ቢል ባመንኩት ነበር። አላለም። መጀመሪያ የተናገረው ለኔ ነው።

«እኔ እበሩ ላይ መግባት አቃተኝ» አለኝ። «አንቺ እንዴት ገባሽ?»

«እኔም አላውቅም» አልኩት።

ከዚያ ነስሩ ተናገረ፤ ከወራት በኋላ ለአባቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «አባ፣ ጠጥቻለሁ። ሁለት። አልዋሽህም። ግን ሰው ፊት እንደ ትላንቱ አትበለኝ። ብቻዬን ስሆን የፈለግከውን በለኝ።»

ሙሄ ባሕሩን እያየ ነው። «ያ ልጅ መጽሐፉን ሲከፍትልህ» አለ በመጨረሻ፣ «መኪና ሊገጭህ ሲመጣ ነው ያየሁት። ጮህኩ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅማ። ማን አስተምሮኝ?»

«እኔም አላውቅም» አለ ነስሩ።

«እሺ» አለ ሙሄ። ኮቱን አወለቀና የልጁ ትከሻ ላይ ጣለው። ይቅርታ አልተባባሉም። እኛ ቤት ቃሉ አይታወቅም፤ ኮት ግን አለ።

የቀሩት ቀናት አልጋ በአልጋ አልነበሩም። ነስሩ ላብ እያጠመቀው ያደረበት ሌሊት አለ፤ ሙሄ ጭጭ ያለበት ቀን አለ። የበረዶው ተራራ ሲያልፍ ሃያት ፎቶ ታነሳለች፤ ፎቶው ላይ አራታችንም ከስደት የመጣን እንመስላለን። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ በላን። ነስሩም ሻይ እየጠጣ፣ አንድ መጠጥ ያቆመ ሰው ቀኑን በምን ሁኔታ እንደሚያሳልፍ ነገረን። ሙሄ እየጠየቀው። ጥያቄው አንዳንዴ ደደብ ነበር፤ ግን ጠየቀ።

ካልጋሪ ስንመለስ ከሁለቱ ሥራዬ አንዱን ተውኩ። ኑሯችን ጠበብ ብሏል፤ አልዋሽም። ሐሙስ ሐሙስ ነስሩን ስብሰባው የሚያደርሰው ሙሄ ነው። መጀመሪያ ውጪ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ብርዱ ሲበዛ አንድ የስብሰባው ሰው ወጥቶ «ግባ፣ ሻይ አለ» አለው። ገባ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቤት ሰዎች ሲያወራ «ጓደኞቻችን» ነው የሚለው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ይጠጣሉ አልላችሁም። የኛ ግን ይጠጣ ነበር፤ በሚሰገድበት ቤት፣ በጨዋ ቤት፣ በደከመው ሰው ቤት። በማኅበረሰባችን ስለዚህ ነገር ስናወራ «የእገሌ ልጅ» እያልን ነው የምናወራው። ይኸው፣ የዘሃራ ልጅ። እኔ ስናገረው ሌላዋ እናት ደጃፍ ላይ ስትቆም እግሯ ትንሽ ቢቀልላት ብዬ ነው። ያቺ ጋሪ ስትገፋ ያየችኝ እህቴም ካነበበችው፣ ምን ስሠራ እንደነበር አሁን ታውቃለች።

ልጄ ዳነ ብዬ አልጨርስም። ከዚያም በኋላ ሁለቴ ወድቋል፤ ሁለቴም ራሱ ነገረን። ዛሬ አይጠጣም፤ ነገን የሚያውቅ አላህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ሶፋው ላይ፣ የሥራ ጫማውን እንዳደረገ፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት። ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና አፉ አጠገብ አሸተትኩት። ላብና ማስቲካ ብቻ።

«እማ፣ እያሸተትሽኝ ነው?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ልክድ ነበር፤ ተውኩት። «አዎ» አልኩት።

«እሺ፣ አሽትቺ» አለና፣ ከሶፋው ጥግ ትንሽ ቦታ ለቆልኝ ተመልሶ ተኛ።